«ከሦስት ምት በኋላ» በየትኛው ሰዓት? አሰርሽኖች ክሎካቸውን ከየት ያገኛሉ?



በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ «ጁምዓ ማታ ከመግሪብ በኋላ ደርስ ይኖራል» የሚል ወረቀት ቢለጠፍ ሁለት ዓይነት አንባቢ ይኖረዋል። አንዱ ዓርብ ሲመሽ ይመጣል። ሌላው፣ በተለይ መድረሳ ተቀምጦ ኪታብ የቀራ ከሆነ፣ ሐሙስ ሲመሽ ሊመጣ ይችላል፤ በኪታቡ አቆጣጠር ቀኑ የሚጀምረው ከፀሐይ መጥለቅ ስለሆነ የጁምዓ ሌሊት የሚባለው ሐሙስ ማታ ነውና። ተራዊሕን ከመጀመሪያው ጾም በፊት ባለው ምሽት የምንጀምረውም በዚሁ ሒሳብ ነው። ሁለቱም ወረቀቱን በትክክል አንብበዋል። ወረቀቱ ላይ የጎደለው በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ብቻ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ችግር ከሌላው ሕዝብ በላይ እናውቀዋለን። «በ3 ሰዓት እንገናኝ» ስንባባል ማንም አይጠያየቅም፤ የአውሮፕላን ትኬት ላይ 3 ሰዓት ሲጻፍ ግን ሌሊት 9 ሰዓት መሆኑን የማያውቅ ሰው በረራው ያመልጠዋል። ቁጥሩ ያው 3 ነው። ቁጥሩን የሚተረጉመው ከጀርባው ያለው ሰዓት ነው፤ ያም ሰዓት አንዳንዴ ይጻፋል፣ አንዳንዴ ከአካባቢው ይገመታል፣ አንዳንዴ ደግሞ ሁሉም በዝምታ የተስማማበት ነው።

በዚህ እትም ልናብራራ የፈለግነው ነገር ከዚህ ሩቅ አይደለም። በኤሌክትሪካልና በኮምፒውተር ምህንድስና ክፍል ያላችሁ ቬሪሎግ ወይም ቪኤችዲኤል ስትማሩ ይገጥማችኋል፤ ሌሎቻችሁም ብትከተሉን ይገባችኋል ብለን እናምናለን። ጥያቄው ይህ ነው፦ የሃርድዌር መግለጫ ቋንቋ ውስጥ «ይህ ከሆነ ከሦስት ምት በኋላ ያ መሆን አለበት» ብለን ስንጽፍ፣ ምቱ የማን ምት ነው?

አስቀድመን ስለ አሰርሽን ራሱ ጥቂት እንበል። የሃርድዌር መግለጫ ቋንቋ እንደ ሲ ወይም ፓይተን መስመር በመስመር የሚፈጸም ትእዛዝ አይደለም፤ በአንድ ጊዜ አብረው የሚሠሩ ሽቦዎችንና ሬጅስተሮችን ይገልጻል። የተገለጸው ዲዛይን ቺፕ ወይም ኤፍፒጂኤ ላይ ከመውረዱ በፊት በሲሙሌሽን ይፈተሻል። አሰርሽን ማለት ዲዛይነሩ ከዲዛይኑ ጎን የሚያቆመው ምስክር ነው። ዲዛይኑ «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላል፤ አሰርሽኑ ደግሞ ቆሞ እያየ «አደረገ» ወይም «አላደረገም» ይላል። በቬሪሎግ ላይ የተገነባው ሲስተምቬሪሎግ እ.ኤ.አ. በ2005 በአይትሪፕልኢ ቁጥር 1800 ደረጃ ሆኖ ሲወጣ ለእነዚህ ምስክሮች ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። በዚያው ዓመት ፒኤስኤል የተባለው የፕሮፐርቲ ቋንቋ በቁጥር 1850 ወጣ፤ ቪኤችዲኤልም በ2008 እትሙ ፒኤስኤልን ወደ ራሱ አስገባ። ከዚህ በታች የምንለው በሲስተምቬሪሎግ ደንብ ነው።

አሰርሽን ሁለት ዓይነት አለው። ቅጽበታዊው እንደ «ከሆነ» ዓረፍተ ነገር ነው፤ ኮዱ እዚያ ሲደርስ ያለውን ዋጋ አይቶ ይፈርዳል፣ ክሎክ አይፈልግም። ሁለተኛው ኮንከረንት የሚባለው ነው፤ ይህ ጊዜን ተሻግሮ ይመሰክራል፦ «ዛሬ እንዲህ ከሆነ ነገ እንዲያ ይሆናል» ይላል። «ነገ» ለማለት ደግሞ ቀን የሚቆጥርበት ያስፈልገዋል። የዛሬው ርዕሳችን ይህኛው ነው።

ምሳሌ እንያዝ። ለመስጂድ የሚሆን ትንሽ የሶላት ወቅት መሣሪያ በኤፍፒጂኤ ሰሌዳ ላይ እንሠራለን እንበል። በሰሌዳው ላይ በሰከንድ 50 ሚሊዮን ጊዜ የሚመታ ክሪስታል አለ፤ አንዱ ምት 20 ናኖሰከንድ ነው። ከጎኑ የሰዓት ቺፕ አለ፤ በውስጡ እንደ ተራ የእጅ ሰዓት በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ክሪስታል አለው። ይህን ቁጥር 15 ጊዜ ለሁለት ብታካፍሉት 1 ይመጣል፤ ስለዚህ ቺፑ በየሰከንዱ አንድ ምት ይሰጠናል። መሣሪያው «ወቅት» የሚባል ምልክት አለው፤ የተሰላው ሰዓትና የአሁኑ ሰዓት ሲገጥሙ 1 ይሆናል። «ጥሪ» የሚባል ምልክትም አለው፤ ድምፅ ማጉያውን ያበራል። («ደወል» ልንለው አልወደድንም፤ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ።)

አሁን አሰርሽኑን እንጻፍ፦ «ወቅት 1 ከሆነ፣ ከሦስት ምት በኋላ ጥሪ 1 መሆን አለበት»። ሐሳባችን ሦስት ሰከንድ ነበር፤ ማጉያው እስኪሞቅ እንጠብቅ ብለን። አሰርሽኑ የሚመታው በሰከንድ ቆጣሪው ከሆነ ሦስት ሰከንድ ነው። በ50 ሚሊዮኑ ከሆነ ግን 60 ናኖሰከንድ ነው። በ60 ናኖሰከንድ ውስጥ ብርሃን እንኳ የሚሄደው 18 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከመካከለኛ መስጂድ በር እስከ ሚሕራቡ ቢደርስ ነው። በጽሑፉ ላይ አንድ ፊደል ሳይቀየር ምስክርነቱ 50 ሚሊዮን እጥፍ ተለወጠ።

ወደ ደንቡ ከመሄዳችን በፊት ምቱ ምን እንደሚያደርግ በደንብ ማየት አለብን፤ ብዙ ተማሪ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ኮንከረንት አሰርሽን በሁለት ምቶች መካከል ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚቆየው። ምት ሲመጣ ብቻ ይገልጣል፤ ሲገልጥ ደግሞ የሚያየው ምቱ ከመምጣቱ ጥቂት በፊት የነበረውን ዋጋ ነው። ለምን «ከመምጣቱ በፊት»? ኢማሙ «አላሁ አክበር» ሲል ሰፉ ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ሰፉን ፎቶ ማንሳት የፈለገ ሰው ልክ በተክቢራው ላይ ቢያነሳ ግማሹ ጎንበስ ሲል፣ ግማሹ ገና ቆሞ ያገኘዋል፤ ፎቶውም ለምንም አይሆንም። ከተክቢራው ቀደም ባለችው ቅጽበት ቢያነሳ ግን ሰፉ ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሬጅስተሮችም እንዲሁ ናቸው፤ በክሎኩ መነሻ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይለወጣሉ። ስለዚህ ደንቡ ናሙናው ከእንቅስቃሴው በፊት እንዲወሰድ አደረገ። በዚህ ምት የተለወጠውን አዲስ ዋጋ አሰርሽኑ የሚያየው በሚቀጥለው ምት ነው። በሞገድ ሥዕሉ ላይ ጥሪ እዚህ ጋ 1 ሆኖ እያያችሁ አሰርሽኑ «0 ነው» ቢላችሁ አትከራከሩት፤ ልክ ነው።

ከዚህ የሚወጣ አደገኛ ነገር አለ። «ወቅት» 1 የሚሆነው ለአንድ የ50 ሚሊዮን ምት፣ ማለትም ለ20 ናኖሰከንድ ብቻ ነው እንበል። አሰርሽኑ ደግሞ በየሰከንዱ አንዴ ብቻ ዓይኑን ይገልጣል። ወቅት ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ምስክሩ ተኝቷል። «ወቅት 1 ከሆነ» የሚለው ቅድመ ሁኔታ በእሱ ዘንድ አንድም ጊዜ አልተሟላም። ታዲያ ሪፖርቱ ምን ይላል? ስሕተት የለም ይላል። ቀይ የለም፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ጥሪ ጨርሶ ባይበራም አረንጓዴ ነው።

ፊቅህ የቀራ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ኒሷብ ያልሞላለት ሰው «ዘካ ከለከልክ» ተብሎ አይወቀስም፤ ግዴታው አልመጣበትምና። ነገር ግን «ዘካ አውጥቷል» ተብሎም አይመሰከርለትም። በአሰርሽን ቋንቋ ይህ ባዶ ማለፍ ይባላል፤ ቅድመ ሁኔታው ስላልተከሰተ ብቻ ማለፍ ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክት ሪፖርት ላይ «40 አሰርሽን ጽፈን ሁሉም አለፉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ያለ ሌላ ማስረጃ ብዙም አያሳምነንም። ስንቱ በእውነት ተፈትኖ አለፈ፣ ስንቱስ ሳይነቃ አለፈ?

አሁን ወደ ዋናው። ክሎኩ ከየት ይመጣል?

በጣም ግልጽ የሆነው መንገድ አሰርሽኑ ራሱ ላይ መጻፍ ነው፦ «በዚህ ክሎክ መነሻ ላይ» ብሎ ይጀምራል። ይህ ከተጻፈ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል፤ ትኬት ላይ «በአዲስ አበባ ሰዓት» ተብሎ እንደመጻፍ ነው። ክሎኩ በቀጥታ አሰርሽኑ ላይ ባይሆንም አሰርሽኑ በስም በሚጠራው ፕሮፐርቲ ወይም ሲኩዌንስ ውስጥ ሊጻፍ ይችላል፤ ያም እንደ ተጻፈ ይቆጠራል።

ሁለተኛው መንገድ ከአካባቢው መገመት ነው። አሰርሽኑ ኦልዌይስ ብሎክ ውስጥ ከተቀመጠና የራሱ ክሎክ ከሌለው የብሎኩን ክሎክ ይወርሳል። እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ደንቡ ያምራል። ብሎኩ አብዛኛውን ጊዜ «በክሎክ መነሻ ወይም በሪሴት መውረድ» ብሎ ይጀምራል። ሁለት ምልክቶች ናቸው፤ ለቋንቋው ሁለቱም ጠርዝ ያላቸው ምልክቶች ብቻ ናቸው፣ ስማቸው ምንም አይነግረውም። ታዲያ ክሎኩ የትኛው እንደሆነ በምን ያውቃል? መልሱ፦ በብሎኩ አካል ውስጥ ያልተነካው ነው። ሪሴት በብሎኩ ውስጥ «ሪሴት ከሆነ ዜሮ አድርግ» ተብሎ ይነበባል፤ ክሎክ ግን ከላይ ተጠርቶ ውስጥ አይነሳም። ስለዚህ ውስጥ የተጠቀሰው ይወጣና የቀረው አንዱ ክሎክ ይሆናል። አባት ስሙ ሳይጠራ ሁሉም በእሱ ሰዓት እንደሚነሳበት ቤት ነው።

ግን ሁኔታዎች አሉት። ብሎኩ አንድ የክስተት መጠበቂያ ብቻ ሊኖረው ይገባል፤ በመሐል «ትንሽ ቆይ» የሚል ሌላ መዘግየት ካለ ግምቱ ይቀራል። ሁኔታውን የሚያሟላው ምልክትም አንድ ብቻ መሆን አለበት። ሪሴቱ ከላይ ተጠርቶ ውስጥ ካልተነበበ ሁለት እጩ ይቀራል፤ ሁለት እጩ ካለ ቋንቋው አይመርጥም። አንድ ሰው ለሙከራ ብሎ ክሎኩን ብሎኩ ውስጥ በሌላ መስመር ላይ ካነበበው ደግሞ እጩ ይጠፋል። አሳሳቢው ነገር ግምቱ ሲቀር ሁልጊዜ ጩኸት አለመኖሩ ነው። በሞጁሉ ውስጥ ነባሪ ክሎክ ከታወጀ አሰርሽኑ በዝምታ ወደዚያ ይዞራል። ያ ነባሪ እናንተ ያሰባችሁት ካልሆነ ከላይ ወዳየነው 60 ናኖሰከንድ ተመለስን ማለት ነው።

ሦስተኛው መንገድ እንግዲህ ይህ ነባሪ ክሎክ ነው። በሞጁሉ መጀመሪያ አካባቢ አንዴ «ሌላ ካልተባለ ክሎኩ ይህ ነው» ተብሎ ይታወጃል። የራሱ ክሎክ የሌለውና ከአካባቢውም ያልወረሰ አሰርሽን ሁሉ በዚህ ይገዛል። ከሦስቱም ምንም ካልተገኘ ጽሑፉ ሕገወጥ ነው፤ መሣሪያው ይመልሰዋል። ይህ ከሁሉ የተሻለው አጋጣሚ ነው፤ ጮኾ የሚመለስ ስሕተት አይጎዳም።

ነባሪ ክሎክ ምቹ ነው፤ ግን ምቾቱ ቦታ ሲቀየር ያበቃል። ወደ ቤታችን እንመለስና በቁጥር እንየው። የኢትዮጵያ ሰዓት የተመሠረተው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ መስመር ላይ ነው፤ ያ መስመር የሚያልፈው በሩቅ ምሥራቅ በሶማሌ ክልል ነው። ደብረ ታቦር ያለችው በ38 ዲግሪ ላይ ነው። ፀሐይ አንዱን ዲግሪ በ4 ደቂቃ ትጓዛለች፤ የ7 ዲግሪ ልዩነት 28 ደቂቃ ነው። ስለዚህ በእኛ ከተማ ፀሐይ አናት ላይ የምትሆነው ልክ በ6 ሰዓት ሳይሆን በአማካይ ከቀኑ 6:28 ላይ ነው። ያም አይቆምም፤ ምድር በፀሐይ ዙሪያ በእኩል ፍጥነት ስለማትዞርና ዘንጓም ዘንበል ያለ ስለሆነ በየካቲት መጀመሪያ ወደ 6:42 ይሄዳል፣ በጥቅምት መጨረሻ ወደ 6:12 ይመለሳል። ዙህር የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። በግድግዳ ሰዓት ብቻ «6 ሰዓት አለፈ፣ ዙህር ገብቷል» የሚል ሰው ነባሪውን ተጠቅሟል፤ ነባሪው ግን የእኛ አይደለም።

ለአዲስ አበባ የታተመ የወቅት ሰንጠረዥ ለቀትር 3 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው ከእኛ የሚለየው። የሐረሩ ግን በአማካይ 16 ደቂቃ ገደማ ይቀድመናል። በረመዳን አንድ ዘመድ ከሐረር ያመጣውን ወረቀት ዶርም ግድግዳ ላይ ለጥፎ በእሱ የሚያፈጥር ተማሪ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ተምር ያነሳል ማለት ነው። ወረቀቱ ውሸት አልጻፈም። ስልክ ላይ ያሉ የሶላት አፖችም ያው ናቸው፤ ቦታውን አንዴ አስገብተን ረስተነው ስንጓዝ ያው የድሮው ከተማ ነባሪ ሆኖ ይቀጥላል። በቀደሙት ዘመናት በትልልቅ መስጂዶች ሙወቂት የሚባል ባለሙያ ይቀመጥ የነበረው ለዚህ ነው፤ ሥራው ለዚያች ከተማ ወቅትን ማስላትና ለሙአዚኑ ማሳወቅ ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በደማስቆ የኡመውያ መስጂድ ሙወቂት የነበረው ኢብኑ ሻጢር ከታወቁት የሥነ ፈለክ ሊቃውንት አንዱ ነው፤ ለመስጂዱ ሚናራ ትልቅ የፀሐይ ሰዓት ሠርቷል። (በነገራችን ላይ በታኅሣሥ ጠዋት ፀሐይ በጉና በኩል ዘግይታ ብቅ ስትል የሹሩቅ ወቅት ዘገየ ማለት አይደለም፤ ተራራው ጋረዳት እንጂ። መሳሪያ ስንሠራ የምናየውንና የምንለካውን ለይተን ማወቅ አለብን።)

ሲስተምቬሪሎግ ይህን ችግር በከፊል አስቦበታል። ነባሪ ክሎክ የሚሠራው በታወጀበት ሞጁል ወሰን ውስጥ ነው፤ ሞጁሉ ወደሚጠራቸው ሌሎች ሞጁሎች አይወርድም። እያንዳንዱ የራሱን ማወጅ አለበት፤ ደብረ ታቦር የራሷን፣ ሐረር የራሷን። ሌላም ገደብ አለ፦ ነባሪው ለአሰርሽኑ እንጂ ለሲኩዌንስ ወይም ለፕሮፐርቲ መግለጫ አይሰጥም። ክሎክ ሳይኖረው የተገለጸ ፕሮፐርቲ ባዶውን ይቆያል፤ አሰርት የሚያደርገው ዓረፍተ ነገር ሲጠራው ነው የጠሪውን ክሎክ የሚለብሰው። ስለዚህ አንድ ፕሮፐርቲ ሁለት ቦታ ተጠርቶ በሁለት የተለያዩ ሰዓቶች ሊመሰክር ይችላል። ለጋራ ቤተ መጻሕፍት ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ሳያስቡት ለሚጠቀም ግን ወጥመድ ነው።

አንድ አሰርሽን በመሐሉ ሰዓት ቢቀይርስ? ይቻላል። ጾሙን ደብረ ታቦር ላይ በፈጅር ጀምሮ ለዑምራ ወደ ጅዳ የበረረ ሰው አስቡ። የሚያፈጥረው ደረሰበት አገር ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ደብረ ታቦር ላይ መቼ እንደጠለቀች አይጠይቅም። በሲስተምቬሪሎግም የመጀመሪያው ክሎክ ከግራ ወደ ቀኝ እየፈሰሰ ይሄዳል፤ አዲስ ክሎክ እስኪጻፍ ድረስ ሁሉንም ይገዛል፣ አዲሱ ሲመጣ ይተካዋል። «እና» ወይም «ወይም» ባለበት መንገዱ ሲከፈል ለሁለቱም ቅርንጫፍ ይዳረሳል።

በመሸጋገሪያው ላይ ደንቡ ጥብቅ ነው። ከአንዱ ክሎክ ወደ ሌላው በቅደም ተከተል የምንሻገረው በ«ዜሮ ምት» ወይም በ«አንድ ምት» ብቻ ነው፤ የ«አንድ ምት» ትርጉሙም «የሁለተኛው ክሎክ ቀጣይ ምት፣ ከአሁኑ ቅጽበት በኋላ የሚመጣው» ማለት ነው። «ሁለት ምት» ብሎ መሻገር አይፈቀድም፤ ሁለቱ ምቶች የማን እንደሆኑ መልስ የለውምና። በ«ከሆነ እንግዲያስ» ማያያዣዎች ላይም ልዩነት አለ። ተደራቢው ማያያዣ ሁለቱ ክሎኮች በአንድ ቅጽበት ከመቱ ያንኑ ምት ይቀበላል፤ ተደራቢ ያልሆነው ግን የግድ ቀጣዩን ይጠብቃል።

ቅንፍ ደግሞ ግድግዳ ነው። በቅንፍ ውስጥ የተጻፈ ክሎክ ከቅንፉ አይወጣም። «በፈጣኑ ክሎክ ሀ፣ ከዚያ (በዘገምተኛው ክሎክ ለ)፣ ከዚያ ሐ» ካልን ሐ የሚለካው በፈጣኑ ነው፤ ቅንፉን ብናነሳው ግን ሐ በዘገምተኛው ይሆናል። በእንግድነት የሄድንበት መስጂድ ኢማም በሶላቱ ውስጥ እንከተለዋለን፤ አሰላሙ ዐለይኩም ብሎ ካሰላመተ በኋላ ግን ማንም በእሱ ተክቢራ አይሰግድም። በስም የተጠራ ሲኩዌንስም እንዲሁ ነው፤ ውስጡ የተጻፈ ክሎክ ወደ ጠሪው አይፈስም። የቅንፉ ጉዳይ ለዓይን ትንሽ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይታለፋል፤ የሰው ኮድ ስትገመግሙ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ።

ክሎክን የማይጠብቅ አንድ ነገር አለ፦ ማቋረጫው። «ሪሴት ከሆነ ይህን ምስክርነት ተወው» የሚለው ሐረግ ምት ሳይጠብቅ በማንኛውም ቅጽበት ይሠራል። ዉዱእ እንደመፍረስ ነው፤ ረከዓው እስኪያልቅ ብሎ የሚጠብቅ የለም። የተቋረጠው ምስክርነት አላለፈም፣ አልወደቀምም፤ ከቆጠራው ይወጣል።

ያለፈውን ዋጋ የሚጠይቁ ተግባሮችም («ባለፈው ምት ስንት ነበር?»፣ «አሁን ተነሳ ወይ?») ክሎክ ይፈልጋሉ። ካልተሰጣቸው የያዛቸውን አሰርሽን ክሎክ ይወስዳሉ፣ ከአሰርሽን ውጭ ከሆኑ ከብሎኩ ይወርሳሉ፣ ያም ከሌለ ወደ ነባሪው ይሄዳሉ። «ያለፈው» የሚለው ቃል ሐሳቡ 20 ናኖሰከንድ ይሁን አንድ ሰከንድ በዚህ ነው የሚወሰነው።

ወደ መስጂዱ መሣሪያ እንመለስና እንዴት እንጻፈው? ሁለቱን ክሎኮች በአሰርሽን ውስጥ ማገናኘት ይቻላል ማለት በዲዛይኑ ውስጥ ማገናኘት ደህና ነው ማለት አይደለም። የሰዓት ቺፑ ምትና የሰሌዳው ክሪስታል አይተዋወቁም፤ አንዱ በሌላው ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ሬጅስተሩ 0 ወይም 1 ሳይሆን ሊዋልል ይችላል፤ ይህን ሲሙሌሽንም አሰርሽንም በተለመደው መንገድ አያሳዩም። ስለዚህ የሰከንዱን ምልክት በሁለት ተከታታይ ፍሊፕፍሎፕ አሳልፎ ወደ 50 ሚሊዮኑ ክሎክ ማስገባት፣ ከዚያም በየሰከንዱ ለአንድ ምት ብቻ 1 የሚሆን «ሰከንድ» የሚባል ምልክት መሥራት የተለመደው መንገድ ነው። ዲዛይኑ ሁሉ በአንድ ክሎክ ይሠራል፤ «ወቅት»ንም ሰከንድ እስከሚመጣ ድረስ 1 እንዲቆይ እናደርገዋለን። ሦስት ሰከንድን ለመመስከር ታዲያ 150 ሚሊዮን ምት መጻፍ አያስፈልግም። የአሰርሽኑን ክሎክ «በክሎክ መነሻ፣ ሰከንድ 1 ከሆነ ብቻ» ብለን እንጽፋለን። ያኔ ምስክሩ ዓይኑን የሚገልጠው በየሰከንዱ ነው፣ «ከሦስት ምት በኋላ» ማለትም በእውነት ከሦስት ሰከንድ በኋላ ይሆናል፤ ለሚያነበውም ሰው ሐሳቡ እፊቱ ተጽፏል።

ስለ መሣሪያዎች አንድ ቃል። በላብ ኮምፒውተር ላይ በነፃ የሚጫኑ አንዳንድ ሲሙሌተሮች የኮንከረንት አሰርሽንን ሙሉ ደንብ አይደግፉም፤ ቀላሉን ክፍል ብቻ የሚቀበሉ አሉ። በእነዚያ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ቅጽበታዊውን አሰርሽን በክሎክ በሚመታ ኦልዌይስ ብሎክ ውስጥ አስቀምጡትና ያለፈውን ዋጋ ራሳችሁ በሬጅስተር ያዙት፤ ያኔ ክሎኩ የብሎኩ መሆኑ አያከራክርም። ኔትወርክ ሲኖር ደግሞ ኢዲኤ ፕሌይግራውንድ የተባለው ገጽ ተመዝጋቢ ተማሪ ትልልቆቹን የንግድ ሲሙሌተሮች በነፃ እንዲሞክር ያደርጋል፤ ከላይ ያልነውን ሁሉ እዚያ መፈተሽ ይቻላል።

እዚያ ስትገቡ ከእያንዳንዱ አሰርሽን ጎን ለቅድመ ሁኔታው ብቻ አንድ ከቨር ፕሮፐርቲ፣ በዚያው ክሎክ፣ ጻፉ። ከቨር አይፈርድም፤ ስንት ጊዜ እንደተከሰተ ብቻ ይቆጥራል። ሲሙሌሽኑ አንድ ሙሉ ቀን ሸፍኖ ከሆነ የ«ወቅት» ቆጣሪ 5 ማለት አለበት። 0 ካለ ዲዛይኑን ከመነካካታችሁ በፊት ክሎኩን እዩ፤ ከ5 በላይ ካለ ደግሞ ወቅት ከአንድ ምት በላይ እየቆየ ነውና ያንን ፈልጉ።